አምስት ቡሎንና አንድ

ቢተው ይዞት መጣ፣ ከፎገራ ሜዳ፣
በአይሱዙ ጀርባ፣ በሰንሰለት ታስሮ፣ እንደ ቆየ ዕዳ፤
ከእርሻ ድርጅት ጨረታ የገዛው ሰማያዊ ቤላሩስ፣
ከዕድሜው በላይ ያረሰ፣ ሲነሣ እንደ ሽማግሌ የሚያስነጥስ።
«ሞተሩ ይጮሃል፤ ጎማው ግን አይሄድም።
ብረግጠው፣ ብለቀው፣ ፔዳሉ አይሰማም።
ሰማዩን አየኸው? ሩዝ አይጠብቅም።»

ሽምብጥ ነው ጋራዤ፤ ድንጋይ ቢወረውሩ ጣና ይደርሳል፤
እሱ ደንገል ደንገል፣ እኛ ናፍጣ ናፍጣ እየሸተትን ይመሻል።

ፍሪሲዮን ለማየት ትራክተር ለሁለት ይከፈላል፤
ፊቱ በግንድ ታግዶ፣ ኋላው በክሪክ ቆሞ፣ ወገቡ ላይ ይፈታል።
«ቀስ በል፣ ደረበ! አንድ ጣት... ሌላ አንድ ጣት...»
ብረት አቃሰተ።
ስንት ዓመት ተጣብቀው በኖሩ ሁለት ግማሾች መሐል
የፀሐይ ክር ገባ፤
የአይጥ ጎጆ ተፈታ፣ ረገፈ የሩዝ ገለባ።

የዲስኩ ልብስ አልቋል። ዕርቃኑን የቀረው ሪቬት
ቮላኖውን አርሶታል፣
ትልም በትልም፣ ክብ በክብ፣ በሬ የማይዞርበት ማሳ፤
ስንቱን ጭቃ ሲገለብጥ ኖሮ
ማብቂያው ላይ ራሱን አረሰ።

ከዚያ ቡሎን ቆጠርሁ።
አምስቱ የአንድ እናት ልጆች፤ ስድስተኛው ባዳ፣
ጥርሱ ሌላ፣ ራሱ ሌላ፣
በብየዳ የተለጠፈ፣ ታኝኮ እንደ ተተፋ ማስቲካ።
ጮህሁ፦
«እጁን ይቁረጠውና የትኛው ሰካራም ነው?
ደረበ፣ ና እይ! ይኸ መካኒክ አይባልም፤ ይኸ ሌባ ነው!»
ደረበ አየ። ከንፈሩን መጠጠ።
ቢተው በርጩማ ላይ ሸንኮራውን ይልጣል፤
ቀና አላለም፤ ላጠ።

በሽቦ ብሩሽ ፋቅሁት።
ዝገቱ ሲለቅ፣ የብየዳው ጅራት ወደ ግራ ታጥፏል።
ግራኝ ነው የበየደው።
በዚህ ከተማ በግራ እጁ የሚበይድ
አንድ ሰው አውቃለሁ፤
በዚያ እጁ ሲጎርስ እናቱ ስንቴ መትታዋለች።

ጺም ሳላወጣ ነበር። አለቃዬ ፈለገ ሕይወት ተኝቶ፣
ጋራዡ በእኔ እጅ፣ ዝናቡ በቆርቆሮው ላይ፣
ቡሎን ተሰብሮ ውስጥ ቀርቶ፣
አንድ ገበሬ ከጠዋት እስከ ማታ በር ላይ ቆሞ።
ፊቱን ረስቼዋለሁ።
ብየዳው ግን የእጅ ጽሑፌ ነው።

ቮላኖውን በባጃጅ ጫንነው፤ ባጃጇ በአንድ ጎኗ አነከሰች።
ጋሽ እንግዳው፣ የጨርቃጨርቁ ጡረተኛ፣
ሻይ ሲጠጣ ግማሹን ለሸሚዙ ያጠጣል፤
ቶርኖ ሲነካ ግን እጁ ቀጥ ይላል።
ፀጉር ታህል ላጨለት። ደግሞ ፀጉር ታህል።
«ሞተር በየፍንዳታው መሐል መዞሩን ይረሳል፤
የሚያስታውሰው ይኸ ነው» አለኝ፣ በመዳፉ እየዳሰሰ።
«ከዚህ በላይ አልነካም። ብረትም እንደ ሰው ይሳሳል።»

አዲስ ዲስክ፣ አዲስ ኩሽኔታ፣ ስድስት አዲስ ቡሎን።
ዲስኩን መሐል ለመሐል የምትይዝ ዘንግ ከዋንዛ ቀረጽሁ።
ሁለቱን ግማሾች ስንገፋ አንድ ጣት ሲቀር እንቢ አሉ፤
ቮላኖውን በእጄ ቅንጣት አዞርሁት፤
ገባ።
ያለ ድምፅ።

ማታ ቢተውን ወደ ሐይቁ በኩል ጠራሁት።
«ያ ብየዳ...» ስል፣
«አውቃለሁ» አለ።
«ልጅ ነበርህ፤ ትንቀጠቀጥ ነበር።
እኔ ብር አልነበረኝ፣ አንተ ቡሎን አልነበረህ።
አሥራ ዘጠኝ ክረምት አርሼበታለሁ።»
«ታዲያ ስሰድበው ለምን ዝም አልህ?»
«ስድቡ ለልጁ ጠቃሚ ነበራ።»

የቶርኖውን ከሒሳቡ ቀነስሁ፤ አውራ ጣቱን በምራቁ አርሶ
ሙሉውን ቆጥሮ ሰጠኝ፣ ተቆጥቶ።

ጠዋት ፔዳሉን ረገጠ፤ የሁለት ጣት ልቅነት፣ ከዚያ ክብደት።
ቀስ ብሎ ለቀቀው።
ሰማያዊው ሽማግሌ አስነጠሰና
ወደ መንገዱ ወጣ።

ደረበ ወለሉን ሲጠርግ አገኘው።
«አለቃ፣ የዚያን ሌባ ቡሎን ልጣለው?»
«አትጣለው» አልሁ፤
ግራ እጄን ዘረጋሁ።