የቱባው ቀዳዳ

ሱቄ ቧንቧ ውሃ ነው፤ ሥራዬ ራዲያተር፤
ዳገት የወጣ ሁሉ እኔ ደጅ ነው የሚያድር።
ከኮምቦልቻ ሽቅብ አይሱዙው ሲፈላ፣
ክዳኑን ከፍቼ እንፋሎት ስበላ፣
በነሐስ፣ በስታኞ፣ በእሳት መካከል
ሃያ ዓመት አለፈ ስደፍን፣ ስነቅል።

አንድ የጉም ማለዳ፣ ቶሳ ሳይገለጥ፣
ጋሪ መጣ ደጄ፤ በላዩ ሚንቀጠቀጥ
በጆንያ የታሰረ። ፈታሁት። ሆድ ነበር።
ከሆዱ ላይ አንገት፣
ካንገቱ ላይ አፍ፣ ጥጃ የሚያሳልፍ ስፋት።
"የምን ሞተር ነው?" አልሁ፣ ዙሪያውን ዞሬ።
"ሞተሩ እኔ ነኝ" አለ፣ ደረቱን መታ አድርጎ።
ይመር ይባላል። ዕቃው ደግሞ ቱባ።
ቱባ ሲሉ እኔ የማውቀው የክር ነበር።

"ቀዳዳውስ?" አልሁት።
"ዕቃ ቤት ተቆልፎበት፣ በዚያ ጥቅምት" አለኝ።
ጣቴን ሰደድሁበት፤ ሌባ ጣቴ ገባ።
እሱም አልጨመረ፣ እኔም አልጠየቅሁ።
ሁላችን ነበርን እኮ፣ በዚያ ጥቅምት፣ ደሴ።

ካረጀ ኤንትሬ ራስ ነሐስ ቆረጥሁለት፣
አለዘብሁ፣ ሞረድሁ፣ ልክ አድርጌ ጣፍሁለት፤
ውሃ ሞላሁበት፤ ጠብ አላለም፤ አበቃ።
ሂሳቡን ስነግረው ትኬት ሰጠኝ፤ ሳቅሁ በቃ።

አዳራሹ ግማሽ ሰው፣ ግማሽ ብርድ ነበር።
አምስት ሆነው ወጡ። ከበሮ የላቸው፣
ዘፋኝም የላቸው፣ ትንፋሽ ነው ሀብታቸው።
ሙሄና ደርበው ትራምፔት ይዘዋል፣ የጨርቃ ጨርቅ ልጆች፣
የሌሊቱ ፈረቃ ካይናቸው አልወጣም፤
ጦይባ ጥምዝ ቀንዷን ጭኗ ላይ አስተኝታ
(ቀን መድኃኒት ቤት ናት፤ የጨጓራዬን ኪኒን የምትሸጥልኝ እሷ ናት)፤
ጋሽ አደፍርስ ደግሞ፣ የፖሊስ ባንድ ጡረተኛ፣
"ከፊቴ ያለው ወንበር ይነሣ" አሉ፣
ትሮምቦናቸው ሲዘረጋ ሰው ይመታልና።

መጀመሪያ የነፉት የፈረንጅ ነገር ነው፣
አንዱ ሲጠይቅ አንዱ ሲመልስ፣ አንዱም ሳይቆጣ።
ቀጥሎ አንድ ዳንስ፣ ወገብ የሚፈታ፤
ከኋላዬ አንድ ሾፌር "ይሄ መኪናዬ ውስጥ አለ!" አለ።
ከዚያ የሰርግ፤ ከዚያ የቀብር ማርሽ፤ በመሀል ሳያርፉ፣
ልክ ደሴ ራሷ አንድ ቅዳሜ እንደምትውለው።

ከዚያ አንቺ ሆዬ።
እዚህ ላይ ቁልፍ አይረዳም፤
በሁለት ቁልፍ መካከል ስም የሌለው ቦታ አለ፣
ከንፈር ብቻ የሚደርስበት። ጦይባ ደረሰች።
አዳራሹ ሳይታወቀው ወንበሩን ወደፊት ሳበ።

ባቲ ሲሆን ተራው፣ ይመር ተነፈሰ፣
ከታች፣ ከመሬት ሥር፣ ግድግዳው ታመሰ፤
እና
ዝዝዝዝ።
የኔ ናት። አወቅኋት። የጣፍኋት ነሐስ።
አንድ ድምፅ ላይ ብቻ፣ እዚያው ሲመላለስ፣
እንደ ዝንብ በጠርሙስ፣ እንደ ላላ ብሎን፤
ኮሌታዬ ሥር ቀበርሁ፣ ሰው እንዳያይ፣ ፊቴን።

ሲያበቃ ጓሮ ሄድሁ። "ነገ አምጣው፣ ላድሰው፤
ውሃ እንጂ ድምፅ መያዝ መች አውቃለሁ?" ብለው፣
አፉን በመሐረብ እየጠረገ ሳቀ።
"በገና አይተህ ታውቃለህ? ጅማቱ ሥር ያለች
ትንሽ ቁራጭ ቆዳ፣ እንዚራ የምትባል?
እሷን አውጣና ደርድር። ምን ይቀርሃል? ጅማት።
ተዋት። ስትነዝር ትኑር።
እኔ አፌን ከፍቼ ያን ጥቅምት አላወራም።
እሷ ታውራ።"

ዛሬ አንድ ሲኖትራክ ከሐይቅ በኩል መጣ።
ጠገንሁት፤ ሞላሁት፤ ጠብ የሚል ታጣ።
ጣቴን አጠፍሁና ነሐሱን አንኳኳሁት፣
ጆሮዬን አስጠጋሁ።
"ምን ትሰማለህ?" አለ ሾፌሩ።
"ቆይ" አልሁት።