ሁለተኛው መስመር

ቦዩ ውሃ ይዞ ብርቱካን ሥር ተኛ፤
ትንኝ ማታ ገባች፣ የሌሊት ሠራተኛ።
እኛ የቀኖቹ ነን፣ ከዛፍ ዛፍ መሰላል፤
ክፍያው በሣጥን ነው፣ «አመመኝ» ማን ይላል?

ሐምሌ እዚህ ደረቅ ነው፣ ዝናብ አያውቅ ሰማይ፤
ኤቭሮታስ ቀጥኗል ድንጋዩ እስኪታይ።
ሙቀት ነው ስንለው ያንቀጠቅጠናል፤
ብርድ ነው ስንለው በላብ ያጠምቀናል።
ከመተማ ሰሊጥ ተዋውቀን መጥተናል፤
«ወባ ናት» ይላል አንዱ፤ ሌላው «ናት» ይለናል።

ከአልጋ ሥር፣ ሻንጣ ውስጥ፣ እንክብል ይሸጣል፤
አራቱ ሦስት ዩሮ፤ ቀኑን ማን ያነባል?
ጣት ማስወጋት ግን አሥራ አምስት ያስከፍላል፣
የግማሽ ቀን ሣጥንም ከዚያ ላይ ይጎድላል።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም
ይል ነበር አባቴ።
እኛ መድኃኒቱን ደብቀን
በሽታው ጠፋን።

ከዚያ ከማዘጋጃ ቤት ቢጫ ወረቀት መጣች፣
ለአንድ ሰው ሁለት ሁለት፣ እንደ አውቶቡስ ቲኬት የተቀደደች።
ዶክተር ስታማቲያ አስረዳች፣ እኔ አስተረጎምኩ፤
«ድጎማ» ስል ሳቁ፣ ዘይት ያደልኩ መሰልኩ።
«ስኳርስ?» አለ አንዱ ከመሰላሉ ጫፍ።
«የተመረመረ ሰው ሣጥኑ አይቀርበትም፤
መድኃኒቱም በነጻ። ደሙን ሳናይ ግን አንሰጥም።»

ሞላልኝ ቀድሞ መጣ፣ ለሣጥኑ ብሎ፤
ሦስት ጊዜ የዋጠ፣ ያልዳነ፣ ጉንጩ ጎድሎ።
ደሙ በወረቀቷ ቀስ ብሎ ሲሄድባት
ሩብ ሰዓት ጠበቅን። አንድ መስመር አየንባት።
አንድ ብቻ።

«የለብህም» አልኩት። «ታዲያ ምን አለብኝ?
ሁለተኛው መስመር የት ሄዶ ቀረብኝ?
ነጻ ያላችሁት ባዶ እጅ መመለስ ነው?»
ዶክተሯ ደረቱን አዳመጠች፤ «ሳንባው ነው።»
ሳንባውን ተረጎምኩለት።
ቁጣውን ለእሷ አልተረጎምኩም፤
ቁጣ አስተርጓሚ አይቀጥርም።

ከሳምንት በኋላ የማሳው ጌታ እናት፣ ኪሪያ ፎቲኒ፣
ስፓርታን እንኳ ካየች ሃያ ዓመት ያለፋት፣
«የበጋ ጉንፋን ነው» ብላ ከረመች ተኝታ፣
አንድ ቀን ስትግል፣ አንድ ቀን ተሽሏት፣ ደግሞ ተንቀጥቅጣ።
ማን ጣቷን ይውጋት? ወባ የእኛ ነበረች፣
በእኛ ስም የተጻፈች፣ ከእኛ ጋር የመጣች።

ልጇ ደግፎ አመጣት። ቢጫዋን ወረቀት ጠየቀች።
«ለውጭ ሠራተኞች» ይላል ማኅተሙ።
«አሥራ አምስት ዩሮ? ለአንድ ጠብታ ደም?
ዶሮ እገዛበታለሁ!» ብላ ልትነሣ ስትል
ሞላልኝ ከአግዳሚው ወንበር አሳለ።
የሳንባውን ክኒን ሊወስድ መጥቶ ነበር።
ከኪሱ ሁለተኛዋን ቢጫ አወጣ፣
በላብ የለሰለሰች፣ አራት ቦታ የታጠፈች።
«ስጫት» አለኝ። «ከእኔ ጋር ሆና ምን ትሠራለች?»

ዶክተሯ ማኅተሙን አየች፣ አሮጊቷን አየች፣
መዝገቡን ገለጠች፣ ስም ከሚለው ቦታ
«ሞላልኝ» ብላ ጻፈች፣ እጇ ሳያመነታ።

ሩብ ሰዓት።
አንድ መስመር።
ከዚያ ቀስ ብሎ፣ በር እንደሚያንኳኳ ጎረቤት፣
ሌላው።

ፎቲኒ እጄን ያዘች፦ «ሁለት ነው፣ ልጄ?
ከአንድ ይሻላል አይደል?»
በግሪክ ቃል ፈለግሁ፣ በአማርኛ ፈለግሁ፤
ዶክተሯ መድኃኒቱን እየቆጠረች ነበር።

«ምን አለች?» አለኝ ከአግዳሚው፣ እያሳለ።
«ያ የቀረብህ መስመር» አልኩት፣
«ሞላልህ።»