ሁለት ክንድ ግድግዳ

አንድ መስመር ገባ፣ በኅዳር፣ በዝናብ፤
ለአራት ኮምፒውተር፣ ለአራት ዓይነት ረኃብ።
ማክሰን ለጨዋታው፣ ሎውሪ ለፈተና፣
እኔ ለነርስነት ኮርሴ፣ ከሌሊት ሥራ መጥቼ ገና፣
አባቴ ኢድዋል ደግሞ ለአንዲት የዳማ ጠጠር፤
ከፓታጎንያ ሰው ጋር ይጫወታል፣ በቀን አንዷን ሊያሻግር።
ሰውየው አርቱሮ ነው፣ አያቱ በመርከብ ከዚህ የሄደ፣
ጠጠሩ ሲበላ በዌልስኛ ይሳደባል፣ አንጀቱ እየነደደ።

ብላይናይ ናት ከተማችን፤ ተራራዋ እንደ ሽንኩርት እየተላጠ
የስንቱን አገር ጣሪያ በጥቁር ድንጋይ የለበጠ።

ሽቦው ግን አንድ ነው፤ ኮሪደር ላይ ቀርቷል።
አንዱ ሲሰካበት ሌላው ተነቅሏል።
«ተራዬ ነው፣ ንቀል!» «ሁለት ደቂቃ ብቻ!»
ሁለቱ ሃያ ሆኖ አረፈ፣ የጠብ መክፈቻ።
ማቀዝቀዣው በር ላይ የሰዓት ዝርዝር ለጠፍኩ፤
ማን እንደቀደደው እስከ ዛሬም አላወቅኩ።

ፖርትማዶግ ወረድን፣ ቅዳሜ፣ በአውቶቡስ፣
ራውተር ልንመርጥ፣ አንዱ ቦይ አራት መስክ ላይ እንዲደርስ።
ሁለት ሣጥን አየን። አንዱ ሃያ አራት ፓውንድ፣
ልክ እንደ ጎዳ ላም፣ የሌለው አንድም ቀንድ።
ሌላው ሥልሳ ዘጠኝ፣ ሁለት ቀንድ የተከለ፣
«በአየር ነው የሚልከው፣ ሽቦ ምን ያደርጋል?» የተባለ።
ሻጩ ኢቫን፣ ለጋ ልጅ፣ ጢሙን ገና የሚጠራጠር፣
የፍጥነቱን ቁጥር ከነነጥቡ ሲደረድር
ማክሰን ዓይኑ በራ። ሎውሪ በክርኗ ነካችኝ።
ቦርሳዬ ግን ከሎውሪ በፊት ቆነጠጠችኝ።

አባቴ ዝም ብሎ ሣጥኑን ገለበጠ፣
መነጽሩን አወጣ፣ ጀርባው ላይ አፈጠጠ።
«ልጄ፣ የኔ ግድግዳ ውፍረቱ ሁለት ክንድ ነው፤
አባቴ ነው የካበው። ይህ ቀንድህ ሲወጋው ማን ነው የሚሰበረው?»
ኢቫን ሳቀ። «አባባ፣ ሁሉን ያልፋል» አለ።
ሥልሳ ዘጠኝ ፓውንዴንም ቆጥሮ ተቀበለ።

ሳሎን ውስጥ እሳት ነው። ኮሪደርም ደኅና ነው።
ወጥ ቤቱ ደፍ ላይ ግን አንዲት ዘንግ ቀርታ አየነው።
አንድ እርምጃ ገባሁ፤ እሷም ሄደች ጠፍታ።
የአያቴ ድንጋይ በላት፣ ሳያጉረመርም ላንድ አፍታ።
ማክሰን ቀንዱን አዞረው፣ ሽቅብ፣ ቁልቁል፣ ወደ ጓሮ፤
ሎውሪ ፎይል አለበሰችው፣ እንደሚጠበስ ዶሮ።

አባቴ አልሳቀብንም። ቢስቅ ይሻል ነበር።
ጓዳ ገብቶ መሮ ይዞ መጣ፣ ሠላሳ ዓመት ከካባው ሥር
ድንጋይ የሰነጠቀበትን።
ግድግዳውን በጣቱ አንኳኳ፣ ጆሮውን አስጠጋ፣
ልክ እኔ የበሽተኛ ደረት እንደማዳምጥ፣ በሌሊት፣ ከአልጋ አልጋ።
«ድንጋይ ሥር አለው፤ ሥሩን ካላገኘህ ትሰብራለህ እንጂ አትከፍትም።»
ማክሰን አጠገቡ ተንበረከከ፤ ጨዋታውን አላነሣም፣ ያን ቀን፣ አንዴም።
«አየህ» አለው፣ «ሱቁ ውስጥ ሣጥኑን የገለበጥሁት፣
ጀርባው ላይ እንደ ጎዳው ሁሉ አራት ቀዳዳ እንዳለው ላይበት።
ባይኖረውማ፣ እናትህን ከነፓውንዷ ነበር የምመልሳት።»

ማታ አንዲት ጮራ መጣች ከወዲያ ከካቡ ጀርባ፤
ሰማያዊው ሽቦ እንደ ክር መርፌ ዓይን ገባ።

ቀዳዳው ግን ሰፋ። የሽቦው ሦስት እጥፍ ይሆናል።
ነፋስ ቢያፏጭበት፣ አባቴ ካልሲ ወትፎበታል።

አሁን ሁሉም በየክፍሉ ነው፤ ኮሪደሩ ባዶ፤
ጠብም የለ፣ ተራም የለ፣ ዝርዝርም የለ ተቀድዶ።
እኔ ሌሊት ወጥ ቤት አጠናለሁ፣ የኩላሊት ሥዕል ፊቴ፤
ካልሲውን ነቅዬ አኖራለሁ፣ ቢበርደኝም አንገቴ።
በዚያ በኩል ይሰማኛል የአባቴ ማቅማማቱ፣
አርቱሮን ሲበላው ደግሞ በአፍንጫው መሳቁ፣ መኩራቱ።

አንዳንዴ አፉን አስጠግቶ፣ «ኔሪስ» ይላል፣ «ጠፋ እንዴ?»
ሣጥኑን አያለሁ። መብራቷ አረንጓዴ።

«አልጠፋም፣ አባዬ።»

«እንግዲያስ መስመሩ አይደለም» ይላል፤ «ያ ሰው ነው፣
መበላቱን አውቆ የሚያዘገየው።»