ከላይ ብቻ

ሐምሌ ነው፤ ጅማ ላይ ዝናቡ አልቆረጠም፣
እንኳን ወረቀቱ ግንቡም አልደረቀም።
ረውዳ መጣች፣ ጃንጥላዋን ዘግታ፣
ሰባት የብዕር ሥዕል በፌስታል ከትታ።
«ያባቴ ናቸው» አለች፣ ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ፤
«የመምህር ከሊፋ። ሂሳብ ያስተማሩህ።»

አላስተማሩኝም። ግን አውቃቸዋለሁ፤
ቅዳሜ ከሰዓት፣ አዌቱ ዳር ተቀምጠው፣
ጉልበታቸው ላይ ጣውላ አስደግፈው፣
የቀለም ቢልቃጡን በድንጋይ አጽንተው፣
ድልድዩን ትተው ከሥሩ ያለውን ጥላ
ሲጭሩ አይቻለሁ።

አንድ በአንድ አየኋቸው።
የጅሬን ዋርካ፣ ቅጠሉ ተቆጥሮ፤
ፈረንጅ አራዳ አንድ ሱቅ፣ በጓጉንቸር ተቀርቅሮ፤
ሚዛን የያዘች ሴት፣ ፊቷ ያልተሣለ፣
ጣቷ ብቻ ያለ፤
በቅሎ በዝናብ ውስጥ፣ ዝናቡ ቀጥ ያለ መስመር፣
ልክ እንደ ደብተር።
ብዕራቸው ቀጭን፣ እንደ ጉንዳን መንገድ፣
ሳይቸኩል፣ ሳይሰለች፣ ተያይዞ የሚሄድ።

የኔ ዓይን ግን ቀድሞ ያረፈው ጠርዙ ላይ ነው።
የፈተና ወረቀት፣ ስስ፣ ወደ ቢጫ ያደላ፤
ክረምቱን ጠጥቶ ሆዱ የቆዘረ።
ሥራ ያስያዘኝ ድንበሩ፣ ነፍሱን ይማረው፣
ለዚህ ሁሉ ያለው መድኃኒት አንድ ነበረ፦
ኮላውን በብሩሽ፣ ፋይዚት ላይ ለጥፎ
በመዳፉ መዳመጥ።
ቀጥ ይላል። ደንበኛ ይደሰታል።
በሦስተኛው ክረምት ቡግር ያወጣል።

አንድ ጊዜ፣ በኔው እጅ፣
የሰው ሙሽራ አለቀሰች፤
ሳልሞክር እርጥብ ኮላ ብነካት
ከዓይኗ እስከ አንገቷ ጠቁራ ፈሰሰች።
ሒሳቡን መለስኩ።
ሙሽራዋን በምን ልመልሳት?

ከዚያ ወዲህ፣ ማንም በማያየው ጥግ፣
በክብሪት እንጨት ጫፍ አንዲት ጠብታ ውሃ።
እጠብቃለሁ። በጥጥ እጫናለሁ።
ጥጡ ነጭ ከወጣ፣ ቢስሚላህ እላለሁ።

ያቺን ባለ ሚዛን ገለበጥኳት።
ጀርባዋ ላይ በቀይ፣ የስምንተኛ ሀ ውጤት፣
ከሥሩ በዚያው በቀጭኑ ብዕር፦
«ዘይት፣ ግማሽ ሊትር።
የፋኖስ ክር።
የረውዳ ጫማ፣ ሃያ ስምንት ቁጥር፣
ደመወዝ ሲወጣ።»
«ደመወዝ ሲወጣ» የሚለው ተሰርዟል።
ከላዩ «አሁን» ይላል።

ጠራኋት። አነበበች።
ወደ እግሯ ወረደች በዓይኗ፣
ጭቃ ወዳለበሰው ትልቁ ጫማዋ።
«ቀይ ነበር» አለች። «ዘለበቱ ነጭ።»
ሌላ አልጨመረችም።

«ከለጠፍኩት ቀጥ ይላል» አልኳት፣
«ጀርባው ግን ዕድሜ ልኩን ከፋይዚት ጋር ያወራል።»
ራሷን ነቀነቀች፣ እንቢ ይሁን እሺ አልለየሁም።

እናም ከላይ ብቻ።
ሁለት ማጠፊያ፣ ከስስ ወረቀት፣ በጥፍሬ ልክ፣
የስንዴ ዱቄት ሙጫ፣ ቀጥኖ፣ በወንፊት አልፎ።
ጎንና ጎኑ፣ ታቹም ልቅ ነው፤
ሐምሌ ሲገባ ይስፋ፣ ጥር ላይ ይሰብሰብ፣
እንደ ሰው ይተንፍስ።
ከፊቱ መስኮት ያለው ካርቶን፣
ቀለምና መስታወት ጉንጭ ለጉንጭ እንዳይውሉ፤
በርጥበት ከተሳሳሙ አይላቀቁማ።
ክፈፉ ዋንዛ። ቀለም አልቀባሁትም።
የጀርባውን ክዳን ሁልጊዜ በምስማር እመታለሁ፤
ለዚህኛው ግን ሁለት የምትዞር እንጨት ሠራሁ፣
በጣት ገፋ ሲያደርጉት የሚከፈት።

በሳምንቱ መጥታ ስድስቱን ወሰደች፤
ጃንጥላዋን ለሥዕሎቹ ዘርግታ፣
ራሷ እየበሰበሰች።

ሰባተኛው እኔ ጋ ነው፣ ድልድዩ፣
ይድረቅ ብዬ ከመስኮቱ አርቄ አስተኝቼዋለሁ።
ጀርባውን ገና አልገለበጥኩም።