የአበጋዝ በቅሎ

ከቦርከና ድልድይ ዝቅ ብሎ ካለው፣
ቆርቆሮው ከዛገው፣ በሩ ከጎበጠው፣
ከአበጋዝ ጋራዥ ነው ወሬው የተነሣው።
እኔ ያኔ ረዳት፣ መፍቻ አቀባይ፣
ቁጥር አሥርን ከአሥራ ሁለት ለይቼ የማላይ።

አንድ ቀን በአይሱዙ አንድ ሞተር ተጭኖ፣
አንገቱ ተሰብሮ ልቡ ብቻ ድኖ፣
ኮምቦልቻ ወረደ።
የፋብሪካው ስም ከጋኑ ላይ ተፍቋል፤
ከየት ነው የመጣ? ሾፌሩም "እንጃ" ብሏል።
አበጋዝ ጆሮውን ደረቱ ላይ አስጠግቶ፣
እንደ ሐኪም ሁሉ ትንፋሹን ሰምቶ፣
"ሁለት ሲሊንደር ነው፤ ይኖራል" አለኝ።

"የአስፋልቱ ሞተር ሐረጎን ይወጣል፣
ከኩታበር ወዲያ ጭቃ ሲያይ ይወድቃል።
የጭቃው ደግሞ ድንጋይ እንደ ፍየል ይዘላል፣
ሁለት ሰው ከነስንቁ ሲጭኑት ያለቅሳል።
እኔ የምፈልገው..." ብሎ ዝም አለ።
በቅሎ አለፈች በደጅ፤ ዐይኑ ተከተለ።
ከዚያች ቀን ጀምሮ ሞተሩ "እሷ" ሆነ።

ሦስት ክረምት ፈጀ።
በመጀመሪያው ዓመት እግሯን አስረዘመ፣
ከአሮጌ ባጃጅ ስፕሪንግ ቆርጦ እየገጠመ።
ረዘመች፤ እሷማ። ስንቀመጥባት ግን
እንደ ሚዳቋ ዘላ ከቦይ ጨመረችን።

በሁለተኛው ዓመት ጋኗን አሰፋና፣
"ከዚህ ላሊበላ ያለ ማደያ" አለና፣
አፍ እስከ ገደፏ ሞላ። ሐይቅ ሳንደርስ ፈሰሰ፤
ቤንዚኑ ሱሪዬን እስከ ጉልበት አራሰ።
ሻንጣዋ ከጥይት ሣጥን፣ መከታዋ ከአልጋ ብረት፤
አልጋው የሚስቱ የሉባባ ነው፤ ዛሬም አልተወችለት።

በሦስተኛው ክረምት፣ በሽሎ ቁልቁለት፣
ጎማዋ ድንጋይ ነክሶ፣ ጭነቱ ሳይጥላት፣
ወረድን። ተሻገርን። ወጣን።
አበጋዝ ሲያለቅስ አየሁ፤ እኔም አፍሬ፣
ጎማ የምለካ መሰልኩ፣ አጎንብሼ፣ ዞሬ።

በቅሎ ነጋዴው ሙሔ፣ ሽመሉን ተመርኩዞ፣
ጥርስ እንደሚያይ ሁሉ መብራቷን በእጁ ይዞ፣
"አባትሽ ማነው?" አላት። ጋራዡ በሙሉ ሳቀ።
አበጋዝ ብቻ ነው ሳቁ እስኪያልቅ የጠበቀ፤
"እናቴ አስፋልት ናት" አለ በእሷ ገብቶ።
ሙሔ ምንም አላለ፤ ሄደ ትከሻውን ነቅንቆ፣ ተቆጥቶ።

ከዚያማ ጦይባ፣ የከብት ሐኪሟ፣ ተውሳ፣
ክትባት በበረዶ ጭና ተንታ ደርሳ፣
የአገሩን ከብት ሁሉ ወግታ ተመልሳ፣
"አልሰጥም" አለች፣
ቁልፉን በሻሿ ጫፍ ቋጥራ፤
ከፈለክ ሌላ ሥራ።

ሌላ ሠራ። ሌላም። የመርሳ ማር ነጋዴ፣
የወልድያ ፎቶ አንሺ፣ የደሴ ወንበዴ
(ዛሬ ሰው ሆኗል አሉ)፣ ሁሉም ወረፋ ያዘ።
ከፒያሳ ወጥቶ የማያውቀው እንኳን ገዛ፤
በየማታው ያጥባታል፣ በየጠዋቱ ደግሞ
ከጓሮው ጭቃ ይቀባታል፣ ካፌው በር ላይ ያቆማታል፣
"ከየት ነው?" እስኪሉት ድረስ ማኪያቶው ይቀዘቅዛል።

ሐምሌ ላይ በሌሊት ቆርቆሯችን ተንኳኳ።
ሙሔ ነው። ዝናቡ ከባርኔጣው ይወርዳል።
"ደላንታ ላይ ዳማዬ ገደል ገባች አሉኝ፤
ሳትሞት ልድረስላት፤ በዚችው አድርሱኝ።"

አበጋዝ ነዳ፤ እሱ መሐል፣ እኔ ከሻንጣው ላይ።
ቁልቁለቱ ሲመጣ፣ በሰማዩ ብልጭታ ሳይ፣
ሙሔ የአበጋዝን ቀበቶ እንደ ልጓም ይስባል፤
"ቀስ... ቀስ እናቴ" ይላታል። እሷም ቀስ ትላለች።

ሲነጋ ደረስን። ዳማዋ ቆማለች፤
አንድ እግሯን አንሥታ ሣር ትነጫለች።
ሙሔ አንገቷን ዳሰሰ፤ ጉልበቷን፤ ሰኮናዋን።
ከዚያ ወደኛ ዞሮ
መዳፉን በጋኑ ላይ፣ በሚጨሰው ላይ አኖረ።
"አልቧታል" አለ። "ውሃ አምጡላት።"
ማንም አልሳቀም።
እኔም ጀሪካን ይዤ ወደ ምንጩ ወረድኩ።