ጥርስ ያረፈበት

ቅዳሜ ማለዳ፣ ላይፕዚግ ሳትነቃ፣
ሐዲዱ በዛገ በትራሞች ግቢ ይዘረጋል ዕቃ፤
የሙት ሰው ማንኪያ፣ የፍቺ ብርጭቆ፣
የሠርግ ፎቶግራፍ ከክፈፉ ወልቆ።
እኔ ግን ለዚህ አይደል በውርጭ የመጣሁት ከተማ ዳር ተጉዤ፤
ከጠረጴዛ ሥር እንበረከካለሁ ባትሪ በጥርሴ ይዤ፣
የልጅ ዕቃ ፍለጋ፤
አንድ ጎማው የጠፋ ቀይ አምቡላንስ፣ የአሻንጉሊት አልጋ።

የሰብሳቢዎችን ሕግ ሰምታችሁ እንደሆነ፣
ዋጋው የሚንረው ልጅ ሳይነካው ኖሮ በካርቶኑ እንዳለ የተከደነ፤
ለገና ተገዝቶ፣ ቁም ሣጥን አናት ላይ ሃምሳ ዓመት የተኛ፣
«አትንኩ!» እየተባለ ከእጅ የተሸሸገ፣ ንጹሕ እስረኛ።
ሦስት መቶ ዩሮ ይጠሩበታል፤
ጓንት አጥልቀው መጥተው ይሳለሙታል።

የእኔ መደርደሪያ ሌላ ነው ወገኑ፤
ጥርስ ያረፈባቸው፣ አፍንጫቸው ታኝኮ ዓይናቸው የቦዘ፣
እነሱ ናቸው የሚከብሩ፣ የሚገኑ።
የወተት ጥርስ ረድፍ ጀርባዋ ላይ ያለ የእንጨት ዳክዬ አለችኝ፤
ሻጯ አፈረችባት፤ በአንድ ዩሮ፣ በጋዜጣ ጠቅልላ ሰጠችኝ።
ያ ነካሽ ሕፃን ዛሬ የት ይሆን? ምናልባት አርጅቶ፣
ሌሊት ያድር ይሆናል ጥርሱን አውልቆ ብርጭቆ ውስጥ ከትቶ።

ልቤ የቀረው ግን ኤክሃርት ዘንድ ነው፣
መደቡ ካጥሩ ጥግ፣ ወንበሩ አሮጌ የትራም መቀመጫ የሆነው።
እሱ ዘንድ አየኋት፤ አረንጓዴ የቆርቆሮ እንቁራሪት፣
የኋላ እግሯ ወልቆ በስልክ ሽቦ ጠምዝዘው የቀጠሉላት።
ቁልፏን አዙሬ ለቀቅኳት፤
ዘለለች፣ ግን ዞራ፣ ወደ ግራ ብቻ፣ ሽቦው እየጎተታት።

«ስንት ነው?» «አርባ።» ሳልከራከር አወጣሁ ከኪሴ፤
«ሰባ ነው፣ ረስቼው» አለኝ፤ ተገረመች ነፍሴ።
ሰባውን ብቆጥር መቶ አደረሰው፤
ምን ዓይነት ገበያ ነው፣ ገዢ ሲጨምር ሻጭ የሚያለቅሰው?

«ማን ጠገናት?» አልኩት። ቆቡን አወለቀ።
ያቺን አንዲት ጥያቄ ነው ለካ፣ ስንት ቅዳሜ ሙሉ፣
ብርድ ላይ ተጎልቶ የጠበቀ።

«ጦርነቱ ባለቀ በሁለተኛው ብርድ፣ ስምንት ዓመቴ ነበር፤
ከሰል አልቆ እናታችን የምታነደው ወንበር።
እግሯን ሰበረችባት፣ እኅቴ ሮስቪታ፤ ማልቀሷን አልተወች።
ከፈረሰው ፖስታ ቤት ሽቦ ሰርቄ መጣሁ፤
እስኪመሽ ታገልኩ፤ ዘለለች።
ወደ ግራ ብቻ።
ሮስቪታም ዓይኗን ጠርጋ፣ ‹ቤቷ በዚያ በኩል ነዋ› አለች።»

ሌላ አልነገረኝም።
ሮስቪታ የት ናት? አላልኩም።

በየቅዳሜው ያመጣታል፤ በየቅዳሜው ይወስዳታል፤
እኔም እጠይቃለሁ፣ እሱም ዋጋ ይቆልልባታል።
«አራት መቶ!»
«ኧረ አባቴ፣ እግሯ የተሰበረ!»
«እግሯማ ነው ውዱ!» ሲል ጎረቤት ሻጭ ሁሉ ዞረ።
በኛ ቋንቋ ጨዋታ ነው፣ ልጅ አቧራ ላይ ሲንከባለል፤
ሰው ከሰው ወግ ይዞ ሰዓቱን ሲዘነጋም፣ ያው ቃል ነው የሚባል።
ይህን በጀርመንኛ ላስረዳው ሞከርኩ፤ ሁለት ቃል ሆነብኝ፤
እሱ ግን በፔርሙዝ ክዳን ሻይ ቀዳና «ገባኝ፣ ገባኝ» አለኝ።

ባለፈው ቅዳሜ የጠራውን ሁሉ፣ ስድስት መቶ ይዤ ሄድኩ፣
ፊቱ ላይ ቆጠርኩ።
እጁ ተንቀጠቀጠ። ቢሆንም አነሣት፣ ሊሰጠኝ ዘረጋ፤
ቃል ቃል ነው ለነጋዴ፣ አንዴ ከተጠራ ዋጋ።
«ሃያ ሳንቲም ጎደለኝ» አልኩት፤ ውሸቴን።
ወደ ኪሴ መለስኩ ገንዘቤን።
«እንግዲያው አይሆንም!» አለኝ፣ የስምንት ዓመት ድምፅ አውጥቶ፤
ቁልፏን ጠመዘዘ፤ ለቀቃት፣ መዳፉን ከፍቶ።
ዘለለች፤ ዞረች፤
ወደ ግራ፣ ወደ ካርቶኗ፣ ገባች።