አሥራ ሁለት በመቶ

መብራት ሄደ መጣ፣ ደግሞም ሄዶ ቀረ፤
ላፕቶፔ ግን በርቶ ከኔ ጋር አደረ።
ሐይቁ ከጓሮ ነው፣ ሽምብጥ ላይ ነው ቤቴ፤
የቁንዝላው ጉድጓድ ተዘርግቷል ፊቴ፣
ረድፍ በረድፍ ሆኖ፣ በሣጥን በሣጥን ታትሞ፣
ሁለት ሺህ አራት መቶ ሜትር ድንጋይ ተሸክሞ።

አንሙት ከካምፑ ጽፏል፦ «ጋዝ ሸቶናል፤
ትንሽ ነው፣ አልክድም፤ መሣሪያውም አይቶልናል።
አምስት መቶ ሜትር ብቻ ቢጨመርልን፣
ከጥቁሩ ድንጋይ ሥር አሸዋው ቢገለጥልን...»
ሐሙስ ነው ስብሰባው። የሚሉኝን አውቃለሁ፤
«አርባ ሚሊዮን ዶላር ቀብረንማ...» ሲሉ ካሁኑ እሰማለሁ።

ያለፈው ብር አይቆጠርም፤ ሕጉ ይሄ ነው።
ዩኒቨርሲቲ ስማረው ረጅም ስም ነበረው፤
እናቴ «የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም» ብላ ነው የጨረሰችው።

ውብእርስት ትባላለች፤ ዓሣ ነበር ንግዷ፤
ታንኳው ገና ሳይጠጋ ውሃው ውስጥ ነው መውረዷ።
«ይሄን ቀረሶ እዪ» ትለኛለች፣ «በንጋት አርባ ያወጣል፤
በአራት ሰዓት ሠላሳ፤ ስድስት ሲሆን ሃያ ይቀራል፤
ዘጠኝ ሰዓት ላይ
ድመትም ያማርጣል።
ያው ዓሣ ነው፣ ያው ሚዛን፤
የሄደችው ፀሐይ ናት።»

ከዚያ ወዲህ የተማርሁት የነገ ገንዘብ ሁሉ
ዓሣ ዓሣ ይሸተኛል።
አሥራ ሁለት በመቶ፦
የከርሞ መቶ ብር ዛሬ ሰማንያ ዘጠኝ፤
የአሥር ዓመቱ ሠላሳ ሁለት፤
የሃያ ዓመቱ አሥር፣ ለሻይም የማይበቃኝ።

ጋዙ ቢገኝስ? ቱቦ የለም።
ቱቦ እስኪዘረጋ ስድስት ዓመት።
ዓሣው መረቡ ውስጥ፣
ገበያው ተራራ ማዶ፤ ፀሐይ ደግሞ አትጠብቅም።

እንግዲህ፦ ለቀሪው ቁፋሮ ዘጠኝ ሚሊዮን።
ቢሳካ፣ የቱቦው ተከፍሎ፣ በዛሬ ዋጋ ሠላሳ።
ዕድሉ ካምስት አንድ፤ አራቱ ደረቅ።
ሠላሳ ለአምስት ሲካፈል ስድስት፤
ከስድስቱ ላይ ዘጠኝ ሲነሣ
ሦስት ሚሊዮን ጉድለት። በቀይ ወጣ።

የጉድጓዱ አፍ ያረፈበት የጥጋቤ ማሳ ነበር፤
ሽምብራ ይዘራበት የነበር።
አሁን እዚያው ዘበኛ ሆኖ ያድራል፤
ጉድጓዱ ከተዘጋ
ደመወዙም ይዘጋል።
ባለፈው ስሄድ «እታለም፣ ደረሰ?» አለኝ በሹክሹክታ፣
ከድንኳኑ ጀርባ ምጥ የያዛት ሴት እንዳለች ሁሉ።

ሌሊት ስምንት ሰዓት።
የዕድሉን ሣጥን ነካሁ። ሃያ ይላል።
ሠላሳ አምስት ጻፍሁበት።
ቀዩ ጠቆረ፦
አንድ ነጥብ አምስት ሚሊዮን ትርፍ።
በዚያች ሣጥን ብቻ የሐሙስ ፊቶች ፈኩ፣
አንሙት ሳቀ፣ ጥጋቤ ደመወዝ ፈረመ።
ውጭ እንቁራሪት ብቻ ነው የሚጮኸው።

እናቴም አንድ ቀን፣ አንድ ቀን ብቻ፣
ለዩኒፎርሜ ብር ስታጣ፣
የዘጠኝ ሰዓት ዓሣ ውሃ ረጭታ ሸጣለች።
ገዢው ሲመለስ አልጮኸም።
ዓሣውን ሚዛኗ ላይ አስቀምጦ ሄደ።
ያን የሚዛን ሳህን
እስክታርፍ ድረስ ስታሸው ኖረች።

ሃያውን መለስሁት።
ከሥሩም ያልተጠየቅሁትን ረድፍ ጨመርሁ፦
የጉድጓዱ አፍ በሲሚንቶ መድፈኛ፤
የጥጋቤ አፈር ወደ ሽምብራው መመለሻ፤
የስድስት ወር ደመወዙ።
ጉድለቱ ከሦስት አለፈ። ይለፍ።

ነጋ። እምቦጩን እየገፋ አንድ ታንኳ መጣ።
ወርጄ ቀረሶ አነሣሁ፤
ስንጥቡን ገለጥ አደረግሁት፤
ቀይ ነው።
«ስንት?»
«የንጋት ዋጋ ነው» አለኝ ባለታንኳው።
ሳልከራከር ከፈልሁ።